የተማሪዎችን የመስማት ችሎታ በመስክ እንዴት መለካት ይቻላል?

የመስማት ጥናት በሆስፒታል ሲካሄድ ድምፅ የማያስገባ ክፍል ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ እንደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች በሚገኝ ትምህርት ቤት ሲካሄድ ግን ተመራማሪው ከልጆቹ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት ጸጥታን ነው።

ስለዚህ ኦዲዮሜትሩን (የመስማት መለኪያ መሣሪያውን) ከመሸከምዎ በፊት ትምህርት ቤቱን ባዶ እጅዎን ሄደው ይዩት፤ ጉብኝቱም ምርመራው ሊካሄድ በታሰበበት ሰዓት ይሁን፤ ማለዳ ጭር ያለው ክፍል አራት ሰዓት ላይ የእረፍት ደወል ሲደወል ሌላ ክፍል ይሆናልና። የክፍሉን ድምፅ በመለኪያ ይለኩ፤ ከ40 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በታች ቢሆን ይመረጣል። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መውረድ ከጀመረ ሥራውን ማቆም እንጂ ሌላ መላ የለውም።

እኔ በመጀመሪያ ጥናቴ ይህን ቸል ብዬ ተቀጥቻለሁ። ከክፍሉ ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ድምፁን ጆሯችን ስለለመደው ልብ አላልነውም። የዚያን ቀን ብዙ ልጆች በ500 ሄርዝ (ሄርዝ የድምፅ ድግግሞሽ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል) «አልሰሙም» ተብለው ተመዘገቡ፤ በ4000 ሄርዝ ግን ያለ ችግር ሰምተዋል። የአካባቢ ጫጫታ አብዛኛው ወፍራም ድምፅ በመሆኑ አስቀድሞ የሚሸፍነው ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ነው። በሌላ ቀን መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም እነዚያኑ ልጆች በባትሪ በሚሠራው መሣሪያችን ደግመን ለካናቸው፤ አብዛኞቹ ሰሙ።

ከሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ መያዝ ግዴታ መሆኑ የታወቀ ነው። የወላጅ ስምምነት ቅጹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅም በቃል ይነበብለት። ልጁም ፈቃደኛ መሆኑን ራሱን ይጠይቁት።

ወላጅን ሲጠይቁ የሕክምና ቃል አይጠቀሙ። «ጆሮው ፈሶ ያውቃል? ስንት ሳምንት ቆየ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ታምቡሩ ተቀዶ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚፈስ ጆሮ በዓለም ጤና ድርጅት አገላለጽ ሥር የሰደደ የመካከለኛ ጆሮ ሕመም ነው። ጆሮው ውስጥ ዘይት ወይም የጤና አዳም ጭማቂ ጠብ ተደርጎበት እንደሆነም ያለ ግሣጼ ይጠይቁ፤ የሚቆጣ ጠያቂ እውነተኛ መልስ አያገኝም። ልጁ ማጅራት ገትር ታሞ ወይም እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያለ መርፌ ወስዶ ከነበረ ይመዝገብ፤ ሁለቱም የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ።

ከመለካት በፊት ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው በኦቶስኮፕ (ባለ መብራት የጆሮ መመልከቻ) ይመልከቱ። ታምቡሩን የሸፈነ ኩክ ካለ ይመዝገብ፤ ኩኩ በባለሙያ እስኪወጣ የሚገኘው ውጤት የመጨረሻ ተደርጎ አይያዝ።

ልጁ መሣሪያውንም እጅዎንም እንዳያይ ጎን ሰጥቶ ይቀመጥ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም የሰባት ዓመት ልጅ ድምፁን ሳይሆን የመርማሪውን ጣት እየጠበቀ እጁን ሲያወጣ ደጋግሜ አይቻለሁ። በዚሁ ምክንያት በድምፆቹ መካከል ያለው ጊዜ አንዴ ያጠረ፣ አንዴ የረዘመ ይሁን። ቀዩ ማዳመጫ በቀኝ፣ ሰማያዊው በግራ ይደረጋል። በ1000 ሄርዝ፣ በ40 ዴሲቤል ይጀምሩ፤ ልጁ ሲሰማ 10 ዴሲቤል ይቀንሱ፣ ሳይሰማ ሲቀር 5 ይጨምሩ። ድምፁ እየጨመረ ሲሄድ ቢያንስ ግማሹን ጊዜ የሰማበት ዝቅተኛ መጠን የመስማት ወሰኑ ነው። ከዚያ 2000ን እና 4000ን ይለኩ፤ 1000ን ደግመው ያረጋግጡና በ500 ይጨርሱ።

የአራቱን ድግግሞሾች አማካይ ለየጆሮው ያስሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደረጃ መሠረት፣ በተሻለው ጆሮ ከ20 ዴሲቤል በታች የሆነ መስማት ጤናማ ሲሆን ከ20 እስከ 35 ያለው ቀላል ጉድለት ነው። አንድ ጆሮ ብቻ የከበደው ልጅ በዚህ ስሌት እንዳይሰወር ለብቻው ይመዝገብ።

ጆሮው የሚፈስ ወይም መስማቱ የቀነሰ ልጅ የሪፈር ወረቀቱ በዚያው ቀን ይጻፍለት። ወረቀቱን ከደብተሩ መሃል ከመክተት ይልቅ ወላጁን አስጠርተው በእጅ ይስጡ፤ የትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሄዱም አብረው ይነጋገሩ። የወላጁ ስልክ ቁጥር ከጥናቱ መረጃ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ደውለው ልጁ ታይቶ እንደሆነ ይጠይቁ።