ዓሣው ነው የታመመው ወይስ ውኃው?

በአኳሪየም (በመስታወት የዓሣ ገንዳ) ያለ ዓሣችሁ ሲታመም፣ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ሁለት ነገር አስተውሉልኝ፦ ስንት ዓሣ ነው የታመመው? በምን ያህል ጊዜ ውስጥ? ማታ ደህና የነበረው ዓሣ ሁሉ ጠዋት ከውኃው አናት ላይ ተሰብስቦ አፉን እየከፈተና እየዘጋ ከጠበቃችሁ፣ ጣጣው የውኃ ነው። በሽታ በአንድ ሌሊት ሁሉንም እኩል አይጥልም፤ ከአንዱ ይጀምርና እየተዛመተ ይሄዳል። አንዱ ብቻ ጥግ ይዞ ምግብ ከተወና ሌሎቹ እንደ ወትሯቸው ከሆኑ፣ ያኔ ዓሣውን ራሱን እንመረምራለን። ቢሆንም ውኃውን ሳይለኩ አይታለፍም።

«ውኃው ጥርት ብሎ የለም እንዴ?» ይሉኛል። ዓሣን የሚመርዙት አሞኒያና ናይትራይት ቀለም የላቸውም። አዲስ አኳሪየም ላይ የሚታየው ወተት መሰል ድፍርስ እንኳ ብዙ ጊዜ ዓሣ አይጎዳም፤ ካልነካካችሁት በራሱ ይጠራል። በጠብታ የሚሠራ መመርመሪያ ያዙ፤ ከወረቀት መመርመሪያው ይልቅ እኔ እሱን አምናለሁ። አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት ደግሞ በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች ይሁን። ውኃውን ለሰው ሰጥታችሁ ካስመረመራችሁና «ደህና ነው» ካላችሁ፣ ቁጥሩን ጠይቁት።

አሞኒያ የሚመጣው ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ ነው። አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በፊልተሩ (በውኃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ላይ ሲሆን፣ እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ አኳሪየም ላይ ዓሣ ከሞተ መጀመሪያ የምጠረጥረው አሞኒያን ነው። አሮጌ ከሆነ ግን «ሰሞኑን ምን ተቀየረ?» እላለሁ። ስፖንጁ በቧንቧ ውኃ ታጥቦ ይሆን? ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል፤ ስፖንጅ የሚታጠበው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ነው። መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ቆሞ ነበር? ከድንጋይ ጀርባ የሞተ ዓሣ ይኖራል? ችግሩ የጀመረው ውኃ በተቀየረ በሰዓታት ውስጥ ከሆነ ደግሞ የቧንቧውን ውኃ ራሱን ጠርጥሩ።

ናይትራይት ተንኮለኛ ነው። ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ፣ የአየር ፓምፑ እየሠራ ዓሣው ይታፈናል፤ የሚተነፍስበት ስንጥቡም ወደ ቡናማ ያደላል። አሞኒያ ግን እንደ ፒኤቹ (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ነው፦ ፒኤች 8 ላይ ከ6.5 ይልቅ እጅግ መርዛማ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ግማሹን ውኃ ቀይሩ። አዲሱ ክሎሪኑ የጠፋለትና ሙቀቱ ከነባሩ የተቀራረበ ይሁን። አየር ጨምሩ፣ አንድ ሁለት ቀን ምግብ አቁሙ፣ በማግስቱ እንደገና ለኩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ለረጅም ጊዜ ውኃ ያልተቀየረለት አኳሪየም ፒኤቹ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ፒኤቹ ከፍ ያለ ውኃ በአንዴ ስትገለብጡበት፣ ብዙም ጉዳት ሳያደርስ የተከማቸው አሞኒያ ባንዴ መርዝ ይሆናል። እንዲህ ላለው ጥቂት ጥቂቱን እየቀየሩ መሄድ ይሻላል።

ውኃው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወደ ዓሣው እንምጣ። መብራቱን አጥፉና የእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት። አንድ በአንድ የሚለዩ፣ ጨው የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦች ክንፉ ላይ ካሉ ኢክ የሚባለው የጥገኛ ተውሳክ በሽታ ነው። ከዚያ የደቀቀ ወርቅማ ብናኝ ካብረቀረቀ ቬልቬት የሚባለው ሌላ የጥገኛ በሽታ ነው፤ ያለ ባትሪ በቀላሉ ከዓይን ያመልጣል።

ኢክ ላይ ሰው የሚሳሳተው ነጠብጣቡ ሲጠፋ ዳነ ብሎ መድኃኒት በማቆም ነው። ጥገኛው አልሞተም፤ ከዓሣው ወርዶ ጠጠሩ ላይ ተጣብቆ በመቶዎች እየተባዛ ነው። መድኃኒት የሚያገኘው ከዚያ ወጥተው ዓሣ ፍለጋ የሚዋኙትን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላም በርከት ላሉ ቀናት ቀጥሉ። ዓሣዎቹ የሚችሉት ከሆነ ሙቀቱን ቀስ በቀስ እስከ 28 ወይም 30 ዲግሪ ማድረስ የጥገኛውን ዑደት ያፋጥነዋል፤ ሙቅ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ስለሆነ አየር መጨመር አይረሳ።

አፉ አካባቢ ነጭ ጥጥ የያዘ ዓሣ ሲመጣ ግን ሙቀት እንዳትነኩ። ሻጋታ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ኮለምናሪስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ሙቀት ያባብሰዋል፣ የሻጋታ መድኃኒትም ላይነካው ይችላል። ሆዱ አብጦ ቅርፊቱ ወደ ውጭ የቆመበት ዓሣ ደግሞ ኩላሊቱ ሳይጎዳ አይቀርም፤ እውነቱን ለመናገር የሚተርፈው ጥቂት ነው።

መድኃኒት ስትጨምሩ የከሰል ማጣሪያውን ከፊልተሩ አውጡ፣ መድኃኒቱን ይመጥጠዋልና። መዳብ ያለበት ከሆነ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ካለበት አኳሪየም ይራቅ። መጠኑንም ስታሰሉ በአኳሪየሙ ሳጥን ላይ በተጻፈው ሊትር አትመሩ፤ ጠጠሩና ድንጋዩ የያዙትን ቦታ ቀንሱ።