ወተርፎል ላይ ጣቢያን ከቤት ኖይዝ መለየት

ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ወተርፎል (የሬዲዮ ምልክቶችን በፍሪኩዌንሲና በጊዜ የሚያሳይ የቀለም ሥዕል) ስትከፍቱ ከሚታዩት መስመሮች ብዙዎቹ የሚመጡት ከራሳችሁና ከጎረቤት ቤት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ነው። ጣቢያ ፍለጋው ይቆያል፤ መጀመሪያ ኖይዙን (የማይፈለገውን ረብሻ) ለዩ።

ለመቀበል አርቲኤል-ኤስዲአር ቪ4 (ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ፣ ዶንግል)፣ ላፕቶፕና ኤስዲአር ፕላስ ፕላስ የተባለው ፕሮግራም ይበቃሉ። ለመላክ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርዝ አካባቢ) በየጎኑ 5 ሜትር ሽቦ ያለው ዳይፖል አንቴና በባህር ዛፍ አጣና ላይ ስቀሉ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከመብራት መስመር በደንብ ይራቅ። ዶንግሉንም በዩኤስቢ ማራዘሚያ ከላፕቶፑ አርቁት።

ሳምፕል ሬቱን (በአንዴ የሚታየውን ስፋት) 2.4 ሜጋኸርዝ፣ ኤፍኤፍቲውን (ስፋቱ የሚከፈልበትን የነጥብ ብዛት) 65,536 አድርጉና ዙም አድርጋችሁ እዩ። እያንዳንዱ ነጥብ 37 ኸርዝ ያህል ይሆናል። 4,096 ላይ ከተዋችሁት ወደ 586 ኸርዝ ይሰፋና የሞርስና የኤፍቲ8 (በኮምፒውተር የሚላክ አጭር ዲጂታል መልእክት) ምልክቶች ይደባለቃሉ። የቀለሙን ዝቅተኛ ወሰን ከኖይዝ ወለሉ (ጣቢያ በሌለበት ከሚታየው የረብሻ ደረጃ) ጥቂት ዲሲቤል (ዲቢ) ዝቅ አድርጉት።

ጌይን (የመቀበያው የማጉላት መጠን) ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከዜሮ ተነስታችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ አንቴናው ሲሰካ ወለሉ ከ6 እስከ 10 ዲቢ ከፍ ካለ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ጣቢያውም ኖይዙም እኩል ያድጋሉ፤ የከተማው ኤፍኤም ጣቢያዎችም ዶንግሉን አጨናንቀው ሐሰተኛ ምልክት ይፈጥራሉ። ከተጠራጠራችሁ ጌይኑን 10 ዲቢ ቀንሱ፦ እውነተኛው 10 ያህል ይወርዳል፣ ሐሰተኛው 20 ወይም 30። አንቴናው ተነቅሎም የማይጠፋ መስመር የዶንግሉ ወይም የላፕቶፑ ነው።

ለኖይዝ ፍለጋ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው። ላፕቶፑን በባትሪ አስነስታችሁ ወለሉን መዝግቡ። መብራት ሲመጣ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያበራችሁ የቱ ላይ እንደሚዘል ተመልከቱ። በእኩል ርቀት የተደረደሩና ሲሞቁ ቀስ እያሉ የሚንሸራተቱ ደብዛዛ መስመሮች የቻርጀር ወይም የኤልኢዲ አምፖል ናቸው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጠፉት የሶላር ኢንቨርተር። የቻርጀሩን ገመድ በፌራይት (ኖይዝ የሚያፍን መግነጢሳዊ ቁስ) ቀለበት ከ6 እስከ 8 ዙር ጠምጥሙት። በጋ ላይ ባንዱን ሁሉ የሚሸፍንና ዝናብ ሲጥል የሚቀንስ ጉርምርምታ ብዙውን ጊዜ ከመብራት ምሰሶ ነው፤ ለመብራት ኃይል ጠቁሙ እንጂ ምሰሶውን አትንኩ። ክረምት ላይ ከዳር እስከ ዳር ብልጭ የሚል ቀጭን መስመር መብረቅ ነው፤ አንቴናውን ቶሎ ንቀሉ።

ዓይናችሁን ለማለማመድ ሸገር 102.1ን ክፈቱ፤ 200 ኪሎኸርዝ ያህል ይሰፋል። ከዚያ ወደ 14.074 ሜጋኸርዝ ሂዱ፦ የኤፍቲ8 ምልክት 50 ኸርዝ ብቻ ስፋት አለው፣ በየ15 ሰከንዱ ይቆራረጣል። የሰው ድምፅ 3 ኪሎኸርዝ ገደማ የተቦጫጨቀ ጥፍጥፍ ነው። 20 ሜትር ላይ ድምፅ የሚላከው በዩኤስቢ (በላይኛው ጎን ባንድ፤ የኮምፒውተሩ ዩኤስቢ አይደለም) ስለሆነ ጠቋሚውን በግራ ጠርዙ፣ 40 ሜትር ላይ በኤልኤስቢ (በታችኛው ጎን ባንድ) ስለሆነ በቀኙ አሳርፉት።

ኖይዙ መቀነሱን 14.100 ሜጋኸርዝ ላይ ፈትኑ። እዚያ ኬንያ ያለውን 5ዜድ4ቢ ጨምሮ 18 ቢከኖች (ለሙከራ ብቻ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች) በየተራ 10 ሰከንድ ያሰራጫሉ፤ ዙሩ በ3 ደቂቃ ያልቃል። እያንዳንዱ ከጥሪ ምልክቱ ቀጥሎ በ100፣ በ10፣ በ1 እና በ0.1 ዋት አራት ረጃጅም ሰረዞች ይልካል። ከፌራይቱ በፊትና በኋላ ስንት ሰረዝ እንደሚታያችሁ ቁጠሩ፤ ሞገዱ ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጥ ሁለቱንም ቆጠራ በተከታታይ ዙሮች አድርጉት።