የቻይንኛ ቃላት ማጥኛ ሶፍትዌር ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ቻይንኛ ሊማሩ ወደ እኔ የሚመጡት ወጣቶች ገሚሶቹ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በአስተርጓሚነት ለመቀጠር ያሰቡ፣ ገሚሶቹ ቻይና ሄደው ለመማር የትምህርት ዕድል የሚጠባበቁ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ከቻይና ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል ስልካቸው ላይ አንድ ሁለት የቃላት ማጥኛ መተግበሪያ ጭነው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ግን ወራት ደክመው ያጠኑትን ቃል ቻይናዊ ፊት ቆመው ሲናገሩት አይሰማላቸውም። በትጋታቸው አልታማቸውም፤ ገና ከጅምሩ ለማይሆናቸው ሶፍትዌር ጊዜያቸውን መስጠታቸው ነው የሚያሳዝነኝ፤ በምርጫው ላይ የሚሠሩት ስህተትም ከተማሪ ተማሪ እምብዛም አይለያይም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ቃሉን ከነድምፁ የማያስተምር ነገር መምረጥ ነው። በቴሌግራም ቡድኖች የሚዘዋወሩ፣ የቻይንኛው ቃል በእኛ ፊደል ተጽፎ ጎኑ ላይ የአማርኛ ትርጉሙ የተቀመጠባቸው ፒዲኤፎች አሉ፤ ከእነርሱም ተገልብጠው የተሠሩ መተግበሪያዎች አሉ። ተማሪው ፊደሉን ስለሚያነበው ቋንቋውን ያወቀ ይመስለዋል፤ ለዚህም ነው ከማንኛውም ሌላ ነገር ይልቅ የሚጎዱት። ቻይንኛ አራት ቶኖችና ቶን አልባ የሆነ አንድ አጭር ድምፅ ያሉት ቋንቋ ነው፤ የድምፁ መውጣትና መውረድ ከተለወጠ የተነገረው ሌላ ቃል ነው። «መግዛት» እና «መሸጥ» ሁለቱም በእኛ ፊደል ቢጻፉ «ማይ» ናቸው፤ የመጀመሪያው በሦስተኛው ቶን ዝቅ ብሎ ይነገራል፣ ሁለተኛው በአራተኛው ቶን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሌላ ልዩነት የላቸውም። አንድ ተማሪዬ በተቀጠረበት ፋብሪካ ከልብስ ስፌት የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሸጡበትን ዋጋ ለቻይናዊው ኃላፊ ሲያስረዳ፣ ሰውዬው ፋብሪካው ቁርጥራጭ ሊገዛ ነው ብሎ ተረድቶ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀዋል። ልጁ ቃሉን ያውቀዋል፤ ከነትርጉሙ በትክክል ይጽፈዋል፤ በጆሮው ግን አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም ነበር።

የእኛ ፊደል «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ደግሞ ጊዜን እንደሚያመለክት ለይቶ አይጽፍም፤ ይሁንና ቋንቋውን ከልጅነት ጀምሮ ስለሰማነው አንሳሳትም። የቻይንኛ ጀማሪ ግን ይህ የጆሮ ስንቅ የለውም። ከቶኑም ሌላ በእኛ ፊደል የማይያዙ ልዩነቶች አሉ፤ «አስር» እና «ምዕራብ» ማለት የሆኑት ቃላት ሁለቱም «ሺ» ተብለው ይጻፋሉ እንጂ በቻይንኛ የመነሻ ድምፃቸው የተለያየ ነው። እኛ «ደ»ን ከ«ተ» የምንለየው በጉሮሮ ንዝረት ሲሆን ቻይናውያን «ዱ» እና «ቱ» የሚመስሉንን ድምፆች የሚለዩት ከአፍ በሚወጣው ትንፋሽ ብዛት ነው። ይህንን የትኛውም ዝርዝር በጽሑፍ ሊነግራችሁ አይችልም። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ የቻይንኛ ቃልን በአማርኛ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ማንኛውንም ነገር ከስልካችሁ አጥፉ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ቃላቱን በፊደላችን ያሰፈርኳቸው ስለ የትኛው ቃል እንደማወራ ለማመልከት ብቻ ነው፤ ማንም ከዚህ ላይ እንዳያጠናቸው። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ1958 የጸደቀውን ፒንዪን፣ ማለትም ቻይንኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ሥርዓት፣ ከነቶን ምልክቱ ማሳየት፣ እያንዳንዱንም ቃል በሰው ድምፅ ማሰማት አለበት። የስልኩ የማሽን ድምፅ ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ከአንድ በላይ ንባብ ያላቸውን ፊደላት አንዳንዴ አሳስቶ ያነባል።

ሁለተኛው ስህተት የፈተና ዝርዝርንና የሥራ ቃላትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ኤችኤስኬ የሚባለው የቻይንኛ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው አደረጃጀት ስድስት ደረጃዎች ሲኖሩት ከ150 ቃላት ተነስቶ በ5,000 ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው መለኪያ ደግሞ ዘጠኝ ደረጃዎችና 11,092 ቃላት ያሉት ሲሆን አንደኛው ደረጃ ብቻውን 500 ቃላት ይይዛል። «ኤችኤስኬ 4» የሚል ጽሑፍ ያለበት የካርድ ጥቅል (ካርድ የምለው በአንድ ገጹ ቃሉን፣ በሌላው ትርጉሙን የሚያሳየውን የቃል ማጥኛ ነው) እንደ ዓመቱ 1,200 ወይም ከ3,000 በላይ ቃላት ሊይዝ ስለሚችል፣ ከማውረዳችሁ በፊት የየትኛው ዓመት ዝርዝር እንደሆነ አረጋግጡ፤ የምትፈተኑበትንም ማዕከል የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁ። ለሥራ የምትማሩ ከሆነ ግን ሙሉውን ዝርዝር ብትጨርሱ እንኳ የጨርቅ ማሽኑን፣ የደረሰኙን፣ የጉምሩኩንና የደመወዝ ክርክሩን ቃላት በበቂ ሁኔታ አታገኙም። ስለዚህ የራሳችሁን ካርድ እንድትሠሩ የማይፈቅድ መተግበሪያ ለእናንተ አይሆንም። ጨዋታ አስመስለው የሚያስተምሩት ዱዎሊንጎና ሄሎቻይኒዝ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውን ከቋንቋው ጋር ያላምዳሉ፤ ነገር ግን የምታጠኑትን ቃል የሚመርጡት እነርሱ ናቸው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር የአማርኛ ትርጉም ነው። እኔ እስከማውቀው በአማርኛ ተነስቶ ቻይንኛን በወጉ የሚያስተምር ሶፍትዌር ባለመኖሩ ተማሪው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ጥቅል በማሽን ወደ አማርኛ አስተርጉሞ ይጭናል። እንግሊዝኛው «ኦርደር» ብሎ ያስቀመጠው ቃል የዕቃ ግዢ ትዕዛዝ፣ የአለቃ ትዕዛዝ ወይም ቅደም ተከተል ሊሆን ይችላል፤ ቻይንኛው ለሦስቱም ዲንግዳን፣ ሚንግሊንግና ሹንሹ የተባሉ ሦስት የተለያዩ ቃላት ሲኖሩት፣ የማሽኑ ትርጉም ሦስቱንም «ትዕዛዝ» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። የአማርኛውን ትርጉም እናንተው ጻፉት፤ ከጎኑም ቃሉ የገባበትን አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጨምሩ።

ነጠላ ፊደል ብቻ የሚያስጠኑ ጥቅሎችንም አልወዳቸውም። አንዱ ፊደል «ባንክ» በሚለው ቃል ውስጥ ሲገባ «ሃንግ»፣ «ይሁን፣ ይቻላል» ለማለት ብቻውን ሲቆም ደግሞ «ሺንግ» ተብሎ ይነበባል፤ ፊደሉን ለብቻው ያጠና ተማሪ የትኛው የት እንደሚውል ሊያውቅ አይችልም። ቃል አጥኑ፤ ፊደሉ በቃሉ ውስጥ ይገባላችኋል።

በዋናው የቻይና ምድር ለመሥራት ወይም ለመማር ካሰባችሁ የቀለለውን ፊደል ምረጡ፤ የታይዋንና የሆንግ ኮንግ ነባሩ ፊደል ሌላ ነው። አንዳንድ ስልክ ላይ ደግሞ ፊደላቱ በጃፓን አጻጻፍ ይወጣሉ፤ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር የሚለዩበት ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት የሁለቱን አገሮች ብዙ ፊደላት በአንድ ኮድ ስላጣመራቸው ቅርጻቸው ስልኩ በሚመርጠው የፊደል ዓይነት ይወሰናል። በስልኩ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ የቀለለውን ቻይንኛ ሁለተኛ ቋንቋ አድርጋችሁ ስትጨምሩ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል።

ኢንተርኔት ከሌለ የማይከፈት ሶፍትዌር ለወሎ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ጥናታቸውን ሳያቋርጡ የቀጠሉት ቃላቱና ድምፁ ስልካቸው ውስጥ የተቀመጡላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ፕሌኮ የተባለው መዝገበ ቃላት ከነፃው ቅጂ ጀምሮ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የካርድ ማጥኛው ክፍል ግን በክፍያ ነው። ለካርድ አንኪን እመርጣለሁ፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ አንኪድሮይድ በሚል ስም በነፃ ይገኛል፣ አይፎን ላይ ደግሞ ይከፈልበታል። ተመሳሳይ ስም ይዘው ከእርሱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው መተግበሪያዎች ስላሉ ስትጭኑ ስሙን በጥንቃቄ አንብቡ።

በዓለም አቀፍ ካርድ በየወሩ ካልተከፈለ የሚዘጋ መተግበሪያ ላይ የዓመት ጥናታችሁን አታስቀምጡ። ክፍያውን ለማምለጥ ብላችሁም በቴሌግራም የተላከ «የተከፈተ» ኤፒኬ (የመተግበሪያ መጫኛ ፋይል) አትጫኑ፤ የባንክ መተግበሪያችሁ ያለው እዚያው ስልክ ላይ ነው።

አራት ምርጫ አቅርቦ «ትክክለኛውን ንካ» የሚል መተግበሪያ ደግሞ በነጥብና በኮከብ ያታልላል። መልሱ ዓይን ፊት ተቀምጦ መለየትና ቃሉን ከራስ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት እጅግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ከቻይናዊ ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ አራት ምርጫ የሚያቀርብላችሁ የለም። የአማርኛውን ትርጉም አሳይቶ ቻይንኛውን ጮክ ብላችሁ እንድትሉ፣ ከዚያም ድምፁን አሰምቶ እንድታመሳክሩ የሚያደርግ ሶፍትዌር ይበልጣል።

ጥሩውን ሶፍትዌር የመረጡትም ቢሆኑ አንድ ነገር ላይ ይወድቃሉ፤ ይኸውም ጉጉት ነው፤ ጉጉታቸውን ሳይ ደስ ቢለኝም ውጤቱ ያሳስበኛል። ካርዱን ልንረሳው ስንል መልሶ የሚያመጣው የክለሳ ስሌት ዋጋ የሚኖረው ክለሳው በየቀኑ ከተሠራ ብቻ ነው። አንኪ በራሱ የሚጀምረው በቀን 20 አዲስ ካርድ ሲሆን፣ በዚህ መጠን የሚቀጥል ሰው ውሎ አድሮ በየቀኑ 200 ገደማ ክለሳ እንደሚጠብቀው የሶፍትዌሩ መመሪያ ያስጠነቅቃል። እኔ ጋ ግን በቀን 100 አዲስ ቃል የሚያስገቡ ይመጣሉ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ክለሳው ተከምሮባቸው ሶፍትዌሩን ያጠፉና ሌላ ፍለጋ ይሄዳሉ። በአገራችን መድረሳዎች የሚማር ደረሳ የትናንቱን ሳያሰማ ወደ አዲሱ አይሻገርም፤ ክለሳም እንደዚያው ነው። በቀን 8 ወይም 10 አዲስ ቃል ለሠራተኛ ሰው በቂ ነው። አንድ ሁለት ቀን ቢያመልጣችሁም አብሽሩ፤ አዲሱን አቁማችሁ የተከመረውን ክለሳ ብቻ ጨርሱ።

የእጅ ጽሑፍ ማስተማሪያ መግዛት ለአብዛኞቻችሁ አያስፈልግም። በዊቻት መልእክት የምትጻጻፉት በፒንዪን እየከተባችሁ ስለሆነ ፊደሉን ማወቅና ከተመሳሳዩ መለየት ይበቃችኋል፤ በእጅ መጻፍን ፈተናው ወይም ትምህርት ቤቱ ሲጠይቃችሁ ትማሩታላችሁ።

በመጨረሻም፣ ያስገባችኋቸውን ካርዶች በፋይል አውጥታችሁ እንድትወስዱ የማይፈቅድ ሶፍትዌር አትምረጡ። አንዲት ተማሪዬ ከሥራ ቦታዋ የለቀመቻቸውን ቃላት ሁሉ ያስቀመጠችበት መተግበሪያ ተጠቃሚዎች የሠሯቸውን ጥቅሎች ከስልክ ቅጂው ሲያነሳ፣ የራሷን ሥራ መልሳ ማግኘት አልቻለችም። አንድ መተግበሪያ ላይ ከመወሰናችሁ በፊት ከሥራችሁ አምስት ቃላት መርጣችሁ አስገቡበት፤ ድምፃቸውን እንደሚያሰማችሁ ስሙ፣ ዳታ ዘግታችሁ ክፈቱት፣ ከዚያም ካርዶቹን በፋይል አውጥታችሁ ወደ ሌላ ስልክ ወይም ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጡ። ይህ ከተሳካላችሁ መተግበሪያውን ያዙት፤ ፋይሉንም በየሳምንቱ እየገለበጣችሁ ከስልካችሁ ውጭ አስቀምጡ።