የካሊፐር ቀለም ሲላጥ፣ ሲሸበሸብና ሲጠቁር፦ ችግርና መፍትሔ

ቤት ውስጥ የተቀባ ካሊፐር (በፒስተን እየገፋ የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሥሩ የቀረው ቅባትና ዝገት ነው፤ አንዳንዴም የተበላሸው ፍሬኑ ራሱ ነው። እዚህ የምንመለከተው በኮሮላና በመሳሰሉት የፊት ጎማ ላይ የሚገኘውን ባለ አንድ ፒስተን የጊዛ (የቀለጠ ብረት ተቀድቶ የሚሠራ) ካሊፐር ነው።

ቀለሙ እየተቀረፈ ይነሳል

ብረቱ አልጸዳም ማለት ነው። በላዩ ደርቦ መቀባት ትርፉ ልፋት ነው። መኪናውን በክሪክ አንስተው ካቫሌቶ (የብረት ድጋፍ) ላይ ያሳርፉ፣ ጎማውን ይፍቱ። የላላውን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ያንሱ፣ በ80 ቀጥሎም በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ጥቁር ማሳየት እስኪተው ድረስ በፍሬን ክሊነር ደጋግመው ይጠቡ። ናፍታ ቅባት ትቶ ስለሚሄድና ጎሚኒ (ዘይትና አቧራ የሚከላከለውን የጎማ ቀለበት) ስለሚያሳብጥ አይሆንም። ብናኙን በኮምፕሬሰር አይንፉ፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ካሊፐሩን ካወረዱት በሽቦ አስረው ይስቀሉት እንጂ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል።

ክብ ክብ ቀዳዳ ይታይበታል፣ ወይም ይሸበሸባል

ቀዳዳው የሲሊኮን ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጎማ ማብረቂያ የሚመጣ። መሸብሸቡ ደግሞ በወፍራሙ ከመቀባት ወይም ጣሳው ላይ ከተጻፈው ሰዓት ውጭ ከመደረብ ይመጣል። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ሲደርቁ ተፈግፍገው እንደገና ይሠራሉ፦ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ መጀመሪያ ሁለት ስስ፣ ከዚያ አንድ ትንሽ ወፈር ያለ፣ በመካከላቸው 10 ደቂቃ ያህል። በክረምት ዝናብ እየጣለ ደጅ ከቀቡ እርጥበቱ ቀለሙን ያፈዝዘዋል፤ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ይጠብቁ።

ቀለሙ ልስልስ ብሎ በጥፍር ይነሳል

የፍሬን ዘይት ነክቶታል። ዶት 3ም ሆነ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ዘይቱ ከአየር ማስወጫው (ከፍሬኑ አየር ለማስወጣት ከሚፈታው ትንሽ ቡሎን) ከሆነ ፈሰሰ ወይስ አየር ሲወጣ ተንጠባጠበ ብለው ይለዩ። ቱቦው ከካሊፐሩ ጋር በሚገናኝበት ቡሎን ዙሪያ ከሆነ የመዳብ ሮንዴላዎቹ ይቀየሩ፤ አሮጌውን መልሶ ማሰር የተለመደ ጥፋት ነው። የፒስተኑ ጎሚኒ ከረጠበ ግን የቀለም ነገር ይቆይ፦ የካሊፐር ኪት (አዲስ ጎሚኒዎች) እስኪገባለት መኪናው አይነዳ።

የአንዱ ጎማ ብቻ ጠቆረ

ሁሉም እኩል ከጠቆሩ ቀለሙ ሙቀት የማይችል ተራ ስፕሬይ ነው፤ ቢያንስ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል የካሊፐር ቀለም ይግዙ። የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ይህ ቅንጦት አይደለም።

አንዱ ብቻ ከጠቆረ ግን ያ ፍሬን አልለቀቀም። ጎማውን አንስተው በእጅ ያሽከርክሩት። ከከበደ አየር ማስወጫውን በጥቂቱ ይፍቱ። ወዲያው ከለቀቀ ግፊት ታግቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጎማ የተሠራው የፍሬን ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱ እንዳይመለስ ስለዘጋ ነው፤ ቱቦው ይቀየር። ካልለቀቀ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ያውጡ፦ በእጅ ሲገፉ መሄድ አለባቸው። የደረቁትን ጠርገው የሲሊኮን ግራሶ ይቀቡ፤ ተራ ግራሶ ጎሚኒያቸውን ያሳብጣል። ፒኖቹ ደህና ከሆኑ የቀረው የዛገ ፒስተን ነው። የፈቱትን አየር ማስወጫ ጥብቅ አድርገው፣ አየር ገብቶ ከሆነ ያስወጡ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው እንደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ባሉ ቦታዎች ይህ ዝገት ቶሎ ይመጣል። ይህ ሳይስተካከል የሚቀባ ቀለም እንደገና ይቃጠላል።

ከተቀባ በኋላ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል

ሸራው የሚንሸራተትበት የብራኬቱ (ካሊፐሩንና ሸራውን የሚይዘው ብረት) ጠርዝ ላይ ቀለም ገብቷል። ስስ ንጣፍ እንኳ ሸራውን ያጣብቃል። ጠርዙን እስከ ብረቱ ይፈግፍጉ። ለወደፊቱ ያንን ጠርዝ፣ ፒስተኑን፣ ጎሚኒዎቹን፣ ፒኖቹን፣ የአየር ማስወጫውን አፍና ዲስኩን በፕላስተርና በጋዜጣ ይሸፍኑ፤ ካሊፐሩን መኪናው ላይ እንዳለ የሚቀቡ ከሆነ በስፕሬይ ፈንታ ብሩሽ ያዋጣል። ዲስኩ ላይ ያረፈ ቀለም በክሊነር ይነሳል፤ ቀለም የነካውን ሸራ ግን ይቀይሩት።

ጎማውን ሲመልሱ ቸርኬው ካሊፐሩን እንደማይነካ አሽከርክረው ይዩ። ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ሳይረግጡ መኪናውን አያንቀሳቅሱ፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ ከተገፋ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው።