የባንኮክ ጉብኝት መንገድ ላይ እንዳያልቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ለህክምናም ለንግድም ባንኮክ የሚሄድ ሀበሻ ብዙ ነው። ጉዳዩን ጨርሶ ሁለት ሦስት ቀን ሲተርፈው ከተማዋን ልይ ይላል። የሚገጥመው ችግርም ተመሳሳይ ነው።

ችግር፦ ቀኑ አለቀ፣ የታየው ግን አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የከተማዋ ስፋት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው። ሰው ዝነኛ ቦታዎችን ይዘረዝርና ከአንዱ ወደ ሌላው በታክሲ ይመላለሳል። የባንኮክ የመንገድ መጨናነቅ ደግሞ፣ በተለይ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ አያድርስ ነው።

መፍትሄው በሰፈር መከፋፈል ነው። አሮጌው ከተማ ለብቻው አንድ ቀን ይገባዋል። በባቡር (ቢቲኤስ) ሳፓን ታክሲን ጣቢያ ውረዱ። ሥሩ የጀልባ መሳፈሪያ አለ። ብርቱካናማ ባንዲራ የሰቀለችውን ጀልባ ያዙ፤ የቱሪስቶቹ ጀልባ ዋጋው ከፍ ይላል። ታ ቻንግ ስትወርዱ ታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገባችሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2፡30 ይከፈታል፤ ያኔ በሩ ላይ ብትገኙ ከሰዉም ከሙቀቱም ትቀድማላችሁ። ከዚያ በእግር ወደ ዋት ፖ ቤተ መቅደስ። 46 ሜትር የሚረዝመው የተጋደመው ቡድሃ እዚያ ነው። ከዋት ፖ ደግሞ ከታ ቲየን መሳፈሪያ በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ ዋት አሩን የተባለው ቤተ መቅደስ መድረስ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ማታ ከሳናም ቻይ ጣቢያ በሌላው የከተማ ባቡር (ኤምአርቲ) ሁለት ፌርማታ ሄዳችሁ ዋት ማንግኮን ውረዱ፤ የቻይናዎቹ ሰፈር ያኦዋራት ምግቡ የሚደምቀው ሲመሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ታክሲ አልነካችሁም።

ቻቱቻክ ገበያ ግን ከተማው ሰሜን ነው፤ ከዚህ ጋር አታደባልቁት። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተውም ቅዳሜና እሁድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ቀን ስጡት፣ ሌላው በዙሪያው ይደለደላል።

ችግር፦ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ አንድ ትሁት ሰው «ዛሬ ዝግ ነው» አለ።

ቀጥሎ ቱክቱክ (የኛው ባጃጅ በሉት) በርካሽ ከተማ ሊያዞራችሁ ይመጣል። መድረሻው የጌጣጌጥ ወይም የሱፍ ልብስ ሱቅ ነው፤ ሾፌሩ ከዚያ ኮሚሽን አለው። አመስግናችሁ እለፉና ዋናው በር ድረስ ሂዱ። ዝግ ከሆነ ዘበኛው ይነግራችኋል።

ችግር፦ በሩ ላይ መለሱን።

ቁምጣ ወይም እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሳችኋል። ነጠላ ጣል አድርጌ እገባለሁ ማለትም አያዋጣም፤ ትከሻና ጉልበት በደንብ የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል።

ችግር፦ የባቡር ካርዱ እምቢ አለ።

ቢቲኤስና ኤምአርቲ የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። የቢቲኤሱ ራቢት ካርድ በሳናም ቻይ በሚያልፈው የኤምአርቲ ሰማያዊ መስመር ላይ አይሠራም። ለጥቂት ጉዞ ከሆነ እዚያው ጣቢያው ውስጥ የአንድ ጊዜ ቲኬት መግዛት ይቀላል።

ችግር፦ ጾም ነው፣ የሚበላ ጠፋ።

አትክልት ብቻ የሚመስለው ምግብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የኦይስተር ሶስ አለ። «ጄ» በሉ። ሥጋም ዓሣም እንቁላልም ወተትም የሌለበት ማለት ነው፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበትን ቤት ፈልጉ፤ ያኦዋራት አካባቢ በቀላሉ ታገኛላችሁ።