በጎልማሳነት ዳንስ ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥንድ ዳንስ የጀመርኩት 53 ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጀማሪዎችን አይቻለሁ፤ አብዛኞቹን ወደ ኋላ የሚጎትታቸው ዕድሜ አይደለም። በየሙያቸው የተካኑ ሰዎች ስለሆኑ ዳንሱንም እንደ ፈተና አጥንተው ሊይዙት ይፈልጋሉ።

እርምጃ መሸምደድ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጀማሪው ማስታወሻ ይይዛል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ በየሳምንቱ አዲስ አዙሪት ይጨምራል። ሙዚቃው ሲከፈት ግን ምቱ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ሳልሳ የተባለው ዳንስ በ8 ይቆጠራል፤ 1፣ 2፣ 3 ይረገጣል፣ 4 ይታለፋል፣ 5፣ 6፣ 7 ይረገጣል፣ 8 ይታለፋል። ዋልትዝ የተባለው ደግሞ በ3 ይቆጠራል፤ ጠንከር ብሎ የሚሰማው የመጀመሪያው ምት ነው። ከእግርዎ በፊት ጆሮዎ ይልመደው። የቤት ሥራ እየሠሩ ሙዚቃውን ከፍተው ድምፅዎን አውጥተው ይቁጠሩ። ሲለምዱት ተነሥተው ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ። ጀማሪ “እግሬ ተምታታብኝ” ሲል ብዙ ጊዜ ክብደቱን ሁለቱ እግሮቹ ላይ አካፍሎ ስለቆመ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ለቀጣዩ እርምጃ ነፃ የሆነ እግር አይኖርም። እኔ ይህን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል። መሠረታዊውን እርምጃ ብቻ ይዞ አንድ ዘፈን ሙሉ ምቱን ሳይስት የሚዘልቅ ሰው፣ አሥር አዙሪት ከሚያውቀው ይልቅ አብሮት ለሚደንሰው ይመቻል።

በፈጣን ሙዚቃ መጀመር። ዝግ ያለው ዋልትዝ በደቂቃ ወደ 90 ምት ሲኖረው ፈጣኑ የቪየና ዋልትዝ የዚያ እጥፍ ያህል አለው። በዝግታ ያልተጣራ እርምጃ በፍጥነት አይጣራም።

የጎማ ሶል ጫማ። ጎማ ወለሉን ይይዛል። ሰውነትዎ ሲዞር እግርዎ ተጣብቆ ከቀረ ጥምዘዛውን የሚሸከመው ጉልበት ነው፤ የጎልማሳ ጉልበት ደግሞ ቶሎ አያገግምም። ለስለስ ብሎ የሚዞር የቆዳ ሶል ያለው፣ ተረከዙ አጭር፣ እግር ላይ የማይወላለቅ ጫማ ይምረጡ። ቆዳው ግን እርጥብ ወለል ላይ ያንሸራትታል፤ ይጠንቀቁ።

እግርን እያዩ መደነስ። ጭንቅላት 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ባቀረቀሩ ቁጥር የራስዎን ብቻ ሳይሆን የያዙትንም ሰው ሚዛን ያስታሉ። ዓይንዎን ከአጋርዎ ትከሻ በላይ አሻግረው ያሳርፉ።

ከአንድ ሰው ጋር ብቻ መደነስ። ባልና ሚስት ሆነው የሚመጡት አለመለያየትን ይመርጣሉ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ጀማሪ ከሆኑ ስህተቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እርማቱ ቀስ በቀስ ወደ ቅሬታ ይቀየራል። ሦስት አራት ሰው ቀይረው ሲደንሱ የትም ተከትሎዎት የሚመጣው ስህተት የራስዎ መሆኑን ያያሉ። ከጥንዱ መሪ፣ ማለትም እርምጃውን የሚመራው፣ እርስዎ ከሆኑ ደግሞ የአጋርዎን እጅ በአውራ ጣት ጨምቀው አይያዙ። አቅጣጫ የሚነገረው በደረት ነው፤ እጅ መልእክቱን ያደርሳል እንጂ አይጎትትም።

ሕመምን ችሎ መቀጠል። ድካም ያለ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ግን የማቆም ምልክት ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወይም ሲዞሩ ራስዎን የሚያዞርዎት ከሆነ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ለአስተማሪውም ይንገሩት።

“እስክችል ልጠብቅ” ማለት። ክፍል ውስጥ ብቻ የተለመደ ዳንስ ሰው በሞላበት ወለል ላይ ይጠፋል። በሁለተኛው ወር ገደማ ወደ ዳንስ ምሽት ይሂዱ። ዋልትዝና ታንጎ ላይ ጥንዶች ወለሉን የሚዞሩት ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ነው፤ ሰልፉን አያቋርጡ፣ ከሰልፉ አቅጣጫ በተቃራኒም አይርገጡ። ቢሳሳቱ አንድ ጊዜ ይቅርታ ይበቃል፤ ቆም ብለው ቀጣዩን 1 ይጠብቁና ይግቡ። ለመጀመሪያው ምሽት ሁለት ዝግ ያሉ ዘፈኖች በቂ ናቸው።