ለትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት የመጀመሪያውን ቶርኖ ለመምረጥ

ጎንደር ውስጥ አንድ አናጢ የእንጨት ቶርኖ (እንጨትን እያሽከረከረ በመሮ የሚቀረጽበት ማሽን) ሊገዛ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። እኔ ግን ከጉልበቱ በፊት ክብደቱና ዝቅተኛ ፍጥነቱ ሊጠየቅ ይገባል እላለሁ፤ አዘዞ ባለው ሥራ ቤቴ የመጀመሪያው ቀላል ቶርኖዬ ወዲያና ወዲህ ያዘነበለ የዋንዛ ጉማጅ ታስሮበት ሲሽከረከር፣ ዓይኔ እያየ ከነመቆሚያው ግማሽ ክንድ ያህል ተራምዷልና።

በተለመደው ስሌት የእንጨቱ ስፋት በሴንቲ ሜትር በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር ሲባዛ ውጤቱ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው መካከል ቢያርፍ መልካም ነው። ስለዚህ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገበታ ከ600 እስከ 900 ዙር ይበቃዋል፤ ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ይጀመራል። ፍጥነቱ ከ1,000 ዙር በታች የማይወርድ ማሽን ለጠረጴዛ እግር ይሆን ይሆናል እንጂ ለገበታ አይሆንም።

ርዝመቱን የሚወስነው ትዕዛዙ ነው፦ ለጠረጴዛ እግር እንጨቱን ከግራና ከቀኝ በሚይዙት ሁለት ሹል ጫፎች መካከል ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፣ ለበርጩማ እግር ግን ግማሹ ይበቃል።

ያገለገለ ማሽን ሲገዛ ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ ማሳየቱ በቂ አይደለም። ቺንጋውን አውልቀው እንዝርቱን (እንጨቱን የሚያዞረውን ዘንግ) በጣትዎ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ከተንገራገጨ ወይም አሸዋ እንደገባበት ከተንኳኳ እንዝርቱ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው። ኩሽኔታ በቁጥሩ ተፈልጎ ይቀየራል፣ የተጣመመ እንዝርት ግን ዋጋው ቢረክስም መተው ይሻላል። ቀጥሎ የኋላውን መደገፊያ ወደ ፊት ገፍተው የሁለቱን ሹል ጫፎች አፍ ለአፍ ያገናኙ፤ በክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል እንኳ ከተላለፉ እንጨቱ መካከሉን ጠብቆ አይበሳም። የእንዝርቱ ጥርስ የተለመደ መጠን መሆኑንም ይጠይቁ፣ ያለዚያ የሚገጥምለት ቻክ (እንጨቱን የሚጨብጥ መያዣ) ማግኘት ያስቸግራል።

ገንዘቡን በሙሉ ለማሽኑ አያውሉት። የተራ አናጢ መሮ ለቶርኖ አይደለም፤ ከሃይ ስፒድ ብረት (ሲሞቅም ስለቱን ከሚጠብቅ ጠንካራ ብረት) የተሠሩ ሦስት ወይም አራት የቶርኖ መሮዎች፣ የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይና የፊት መከለያ አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

የቀረው የመብራት ጉዳይ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ሥራ ቤትዎ ትሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ካልገባለት በተራው የቤት መብራት የሚሠራ ሲንግል ፌዝ ሞተር ይምረጡ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ማሽን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ በመሆኑ ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልለትም ኸርዙን አይለውጥለትም፣ በዚህም የተነሣ ተራው ሞተር ፍጥነቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ቀንሶ ይዞራል፣ ይሞቃልም። ከሁሉ በላይ ግን በክረምት መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሣ ማብሪያውን መፈተን ግድ ነው፦ ቶርኖው እየዞረ ሳለ መብራቱን ከቆጣሪው ላይ ያጥፉና መልሰው ያብሩት። ማብሪያው ሳይነካ እንዝርቱ መዞር ከጀመረ፣ ሻጩ ማብሪያውን እስኪቀይር ድረስ ክፍያውን ያቆዩ።